ሰርቨር ዴቭ 16፦ ዘግይቼ የጫንኩት ፓኬጅ

የራሴን ትንሽ ፋንክሽን በሲ ቋንቋ ጽፌ ፖስትግሬስ (ፖስትግሬስኪውኤል) የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ልሰካ ተነሳሁ። የሲ ኮዱን የሚተረጉመውን ኮምፓይለር፣ ጂሲሲን፣ በእጄ ጠራሁት። ወዲያው ቆመ፦ «ፖስትግሬስ ዶት ኤች የሚባል ፋይል የለም»።

እንዴት የለም? ሰርቨሩ እዚሁ ማሽን ላይ እየሠራ ነው!

የለም፣ እውነቱን ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ሰርቨሩን ለማስኬድ የሚጫነው ፓኬጅ ሄደር ፋይሎቹን፣ ማለትም ኮምፓይለሩ የሚያነባቸውን እንደ ፖስትግሬስ ዶት ኤች ያሉ መግለጫዎች፣ አይዝም። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ሊብፒኪው ዴቭን ጫንኩ። ስሙ አሳሳተኝ። እሱ ዳታቤዙን ከውጭ ለሚያናግር ፕሮግራም ነው እንጂ የሰርቨሩን ሆድ ዕቃ አያውቅም። ያው ስህተት፣ ያው መስመር።

የሚያስፈልገኝ «ፖስትግሬስኪውኤል ሰርቨር ዴቭ 16» ነበር። ጫንኩት። አሁንም የለም አለኝ! እዚህ ጋ ልቤ ሊፈነዳ ነበር። ጥፋቱ ግን የኔው ነው። የፖስትግሬስ ፋይሎች የት እንዳሉ የሚናገረውን ትዕዛዝ፣ ፒጂ ኮንፊግን፣ «ኢንክሉድዲር» ብዬ ስጠይቀው የላይኛውን ፎልደር ነገረኝ። ፋይሉ የተቀመጠው በዚያ ስር፣ «16» ውስጥ፣ «ሰርቨር» የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ «ኢንክሉድዲር ሰርቨር» ብዬ ነው። ለነገሩ ይህን ሁሉ በእጅ መሥራትም አያስፈልግም ነበር። ፓኬጁ ፒጂኤክስኤስን፣ ማለትም ለፖስትግሬስ የሚሰካ ኮድ መገንቢያ ዝግጁ መመሪያን፣ ይዞ ይመጣል። ጥቂት መስመር ያለው ሜክፋይል (ሜክ ለሚባለው የግንባታ ትዕዛዝ የሚሆን ፋይል) ጻፍኩ፣ ሜክ አልኩ፣ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ይህን ክፍል በጣም ወድጄዋለሁ።

ቅሬታም አለኝ። አንዲት ፋይል ፍለጋ ሄጄ ክላንግንና ኤልኤልቪኤምን፣ ሌሎች ትልልቅ የኮምፓይለር ፓኬጆችን፣ ጎትቶ አመጣብኝ። ዲስኩ ለጠበበው ሰው ቀልድ አይደለም።

ሌላው፣ ኋላ ላይ የቀጣዩን ቨርዥን፣ የ17ን፣ ሰርቨር ዴቭም ስጨምር ፒጂ ኮንፊግ ዝም ብሎ ወደ አዲሱ ዞረ። ኮምፓይሉ ያለ አንድ ስህተት አለፈ። 16 ላይ ስጭነው ግን ሰርቨሩ ቨርዥኑ አይገጥምም ብሎ መለሰው። ደግነቱ ይህን ሳያጣራ አያስገባም፤ ዝም ብሎ ቢቀበለው ኖሮ ጉድ ነበር። መፍትሄው ቀላል ነው። ሜክ ስትሉ «ፒጂ ኮንፊግ» የሚለውን ተለዋዋጭ የ16ቱን ሙሉ አድራሻ ስጡት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ «ሜክ ክሊን» በሉ። እኔ ሁለተኛዋን ረስቼ አሮጌውን ፋይል ሁለቴ መልሼ ጭኜዋለሁ።

ከአምስት አራት ኮከብ። አንዱን ያስቀረሁት ለክላንግ ነው።