ለአልትራሳውንድ ባለሙያችን ምስጋና፣ እርግዝናቸው ገና ለሆነ እናቶች ጥቆማ

እኛ በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል የምንሠራ አዋላጅ ነርሶች ነን። ይህን የምንጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያሉ እርጉዞችን የምንልክላትን የአልትራሳውንድ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። «ስሜ እንዳይወጣ» ስላለች አንጽፈውም። የት እንደምትሠራ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። እዚህ የምንዘረዝረው አሠራሯን ነው፤ ሌላ ቦታ ለምትታዩም ምን እንደምትጠብቁና ምን እንደምትጠይቁ ይነግራችኋል።

ሥራዋ ማሽኑን ሳትነካ ይጀምራል። የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ትጠይቃለች፤ ያለቀበትን አይደለም። ቀጥላ ዑደቱ የተስተካከለ እንደነበር፣ እናቲቱ ዴፖ (የወሊድ መከላከያ መርፌ) ተወግታ ከሆነ መቼ እንዳቆመች፣ ጡት እያጠባች እንደሆነ ትጠይቃለች። ዑደቱ የተዛባ ከሆነ፣ ወይም ዴፖ ወይም ማጥባት ካለ በወር አበባ የተቆጠረ ሳምንት አያስተማምንም። ከዚያ ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ካርዱ ላይ ትጽፋለች። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። መስከረምን ዝም ብሎ «ሴፕቴምበር» ብሎ ያስገባ ሰው 10 ወይም 11 ቀን ስቷል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ 10 ቀን ማለት ልብ በሚመታና ገና በማይመታ ፅንስ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የመውለጃ ቀን በእኛ አቆጣጠር ለማስላት ቀላል ነው፦ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል። መሀል ላይ ጳጉሜ ከገባች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 9 ወር ከ4 ቀን። ጥር 10 የወር አበባዋ የጀመረ ሴት ጥቅምት 15 አካባቢ ትወልዳለች።

ስለ ዝግጅት ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። ጦም ማደር አያስፈልግም፤ ቁርስ በልታችሁ ሂዱ። በሆድ በኩል የሚታይ ከሆነ ከ1 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከ3 እስከ 4 ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፣ ሽንት አትሽኑ። የሞላ ፊኛ አየር የያዘውን አንጀት ወደ ላይ ገፍቶ ለድምፅ ሞገዱ መንገድ ይከፍታል። ግን ከመጠን በላይ ከሞላ ማህፀንን ያርቃል፣ የእርግዝና ከረጢቱንም ጨፍልቆ ቅርጹ የተበላሸ ያስመስለዋል። እሷ እንዲህ ሲያጋጥማት «ትንሽ ሸንተሽ ተመለሺ» ብላ ታስወጣለች እንጂ ያየችውን ጽፋ አትሸኝም። አንድ ወጥ ቀሚስ ከለበሳችሁ እስከ ደረት መገለጥ ስለሚመጣ ሸሚዝና ጉርድ ወይም ሱሪ ይሻላል።

ከ8 ሳምንት በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ በብልት በኩል መታየት ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው፤ አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ስለሌለ። ለዚህኛው ፊኛ ባዶ መሆን አለበት። ቀጭኑ ፕሮብ (ወደ ውስጥ የሚገባው የማሽኑ መሣሪያ) በአዲስ ኮንዶም ይሸፈናል፣ ከእናት ወደ እናት ሲተላለፍም በፀረ ተህዋሲያን ይጸዳል። የላቴክስ (የጎማ) ጓንት ወይም ኮንዶም የሚያሳክካችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩ። ጫና ይሰማል እንጂ ሊያም አይገባም፤ ካመመ «አቁሚ» ማለት ይቻላል። ፅንሱን አይነካም፣ አያስወርድም። ባለሙያችን እናቲቱን በአንሶላ ሸፍና፣ ሌላ ሴት ባልደረባ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጣ፣ ፈቃዷን ጠይቃ ነው የምትጀምረው። አልፈልግም ያለችውን አትጫንም፤ በሆድ በኩል አይታ «በዚህ በኩል ሁሉም ነገር 1 ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ዛሬ ላይታይ ይችላል» ብላ እቅጩን ትናገራለች።

ምን ይታያል? በብልት በኩል ሲታይ 5ኛው ሳምንት ሲገባ ከረጢቱ፣ 5 ሳምንት ተኩል አካባቢ ውስጡ ትንሽ ቀለበት የመሰለው የአስኳል ከረጢት፣ 6ኛው ሳምንት ላይ ፅንሱና የሚርገበገበው ልቡ። የልብ ምቱ መጀመሪያ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ሊሆን ይችላል፣ 9ኛው ሳምንት አካባቢ ወደ 170 ይወጣል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ስለዚህ 170 አይታችሁ አትሸበሩ። «ድምፁን አሰሚኝ» ለሚሏት በዚህ ዕድሜ ዶፕለር (ድምፁን የሚያሰማውን የማሽኑን አሠራር) አትከፍትም፤ ዶፕለር አንድ ቦታ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ስለሚበዛ ያለምክንያት አይመከርም። ኤም ሞድ በሚባለው ምቱን ስክሪኑ ላይ በመስመር ስላ፣ ቆጥራ ታሳያለች።

ዋናው የምናመሰግንበት ነገር ግን «ባዶ ነው» የሚለውን ቃል እንደዘበት አለመናገሯ ነው። በብልት በኩል ታይቶ የፅንሱ ርዝመት 7 ሚሊ ሜትር ሳይሞላ የልብ ምት ስላልታየ ብቻ፣ ወይም ከረጢቱ በአማካይ 25 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ ፅንስ ስላልታየ ብቻ እርግዝናው ቆሟል አይባልም። ከ7 እስከ 14 ቀን ተጠብቆ ይደገማል። ገና ያልደረሰ እርግዝና ተቻኩሎ «የለም» ተብሎ ቢጠረግ የሚመልሰው የለም። ቀጠሮ ስለተሰጣችሁ ችላ የተባላችሁ አይምሰላችሁ።

የሽንት ምርመራው እርግዝና አለ ብሎ ማህፀን ውስጥ ምንም ካልታየ ደግሞ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ እርግዝናው ገና ነው፣ ወርዷል፣ ወይም ከማህፀን ውጭ ነው። እዚህ ላይ ማህፀንን ብቻ አይታ አትነሳም፤ የሁለቱን እንቁልጢዎች (የሴት እንቁላል የሚመረትባቸውን) አካባቢ ትፈትሻለች፣ ከማህፀን ጀርባ ፈሳሽ እንዳለ ታያለች፣ በ48 ሰዓት ልዩነት የእርግዝና ሆርሞን መጠን በደም እንዲለካ ወደ ሐኪም ትልካለች። በአንድ ጎን የሚበረታ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ደም፣ ማዞር ወይም ራስ መሳት፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም ያላት ሴት ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ትሂድ።

ዕድሜ ስትለካ ከአናት እስከ መቀመጫ ያለውን ርዝመት ሦስት ጊዜ ለክታ አማካዩን ትወስዳለች። ፅንሱ ተጣጥፎ ከተለካ ያንሳል፣ የአስኳል ከረጢቱ አብሮ ከተለካ ይበዛል፤ የተዛባ የመውለጃ ቀን አንዱ ምንጭ ይህ ነው። 10 ሚሊ ሜትር 7 ሳምንት ገደማ፣ 23 ሚሊ ሜትር 9 ሳምንት ገደማ ነው። እስከ 14ኛው ሳምንት መግቢያ ድረስ የዚህ ልኬት ስህተት ከ5 እስከ 7 ቀን ቢሆን ነው። በኋላ የሚነሱት አልትራሳውንዶች የተለየ ቀን ቢያወጡም የመጀመሪያው አይቀየርም፤ ስለዚህ በየክሊኒኩ ለምታሳዩት ባለሙያ የመጀመሪያውን ወረቀት አቅርቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ቢያንስ አንድ አልትራሳውንድ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ይነሳ ሲል የመከረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። መንታ ከሆነም አንድ እንግዴ ልጅ ይጋሩ እንደሆነ በደንብ የሚለየው ከ14 ሳምንት በፊት ነው።

ወንድ ነው ሴት አትጠይቋት፤ አትናገርም፣ በዚህ ጊዜ አይታወቅም። የአካል ክፍሎች በዝርዝር የሚታዩትም ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ እነዚህ መኖራቸውን እዩ፦ እርግዝናው ማህፀን ውስጥ መሆኑ፣ የፅንሱ ቁጥር፣ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር፣ የልብ ምቱ፣ የእንቁልጢዎቹ ሁኔታ፣ የመውለጃ ቀኑ። «ኖርማል» ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ለእኛ ምንም አይነግረንም። የምስሉ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ላሚኔት ካስደረጋችሁት ደግሞ ወዲያው ይጠቁራል። በስልክ ፎቶ አንሱት።

ቀስ ብላ ስለምትሠራ ወረፋዋ ረጅም ነው፤ ይህን ቅሬታ እኛም እንሰማለን፣ ግን ፍጠኚ አንላትም። ስትደውሉ ጾም ላይ ከሆናችሁ ንገሯት፤ ውሃ መጠጣት በምትችሉበት ሰዓት ትቀጥራችኋለች። የክትትል ካርዳችሁንና ቀድሞ የታያችሁበት ወረቀት ካለ እሱንም ይዛችሁ ሂዱ።