ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተቀላቀለበት የሩጫ ጄል፦ ለማቅለሽለሽ ምን ያህል ይረዳል?

ረጅም ርቀት ስሮጥ ከ25ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ማቅለሽለሽ ስለሚይዘኝ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉ ሁለት የስኳር ዓይነቶች የተቀላቀሉበትን ጄል (በሩጫ ላይ ለኃይል የሚወሰድ፣ በትንሽ ማሸጊያ ያለ ዝልግልግ ጣፋጭ) ለሦስት ወራት ያህል በረጅም ልምምዶች ላይ ሞክሬዋለሁ። ቀድሞ እጠቀምበት የነበረውን፣ ግሉኮስ ብቻ ያለውን ጄል አንድ ቀን በውኃ ፈንታ ከጣፋጭ የስፖርት መጠጥ ጋር ስወስደው፣ ሆዴ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ፣ አፌ ምራቅ ሞልቶ፣ መንገድ ዳር አጎንብሼ አስመልሻለሁ።

በብርቱ ሩጫ ጊዜ ደም ከአንጀት ይልቅ ወደሚሠሩት ጡንቻዎች ስለሚያዘነብል የምግብ መፈጨት ይዳከማል፤ አንጀት በሰዓት ሊቀበለው የሚችለው ግሉኮስም 60 ግራም ገደማ በመሆኑ፣ ትርፉ እዚያው ተከማችቶ ውኃ ይስባል። ፍሩክቶስ ግን በሌላ መተላለፊያ ስለሚገባ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ የተለማመደ ሆድ በሰዓት እስከ 90 ግራም ሊቀበል ይችላል።

አዲሱ ጄል ቀጠን ያለ ነው፤ ጣዕሙም አይከብድም። ግማሹን ጨምቄ፣ ሁለት ሦስት ጉንጭ ውኃ ጠጥቼ፣ ቀሪውን ከ10 ደቂቃ በኋላ ስወስደው ማቅለሽለሹ በእጅጉ ቀንሶልኛል። ማሸጊያው ግን በላብ በራሰ እጅ አይቀደድም፤ በጥርስ መክፈት የግድ ነው፣ ይህም ትንፋሽ ያቋርጣል።

ከሩጫ በኋላ ለሚመጣው ማቅለሽለሽ ጄሉ ምንም አልረዳኝም። ለእርሱ የጠቀመኝ ድንገት አለመቆም፣ 10 ደቂቃ በዝግታ መራመድና መጠጥን በትንንሹ መጎንጨት ነው። ከራስ ምታትና ከመደናገር ጋር ከመጣ ግን፣ ከመጠን ያለፈ ውኃ በመጠጣት የደም ሶዲየም መውረዱን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ውኃ መጨመሩን ትቶ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።