ጋሊሊዮስኮፕ፦ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ምን ያህል ይመቻል?

ጋሊሊዮስኮፕ ተጠቃሚው ራሱ የሚገጣጥመው ትንሽ ቴሌስኮፕ ሲሆን፣ ጋሊሊዮ ሰማይን በቴሌስኮፕ ማጥናት የጀመረበት 400ኛ ዓመት በታሰበበት በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ሲጀመር የአንዱ ዋጋ 15 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ይህን ግምገማ የምጽፈው በአገራችን የሳይንስ ክበብ ለሚመሩ መምህራንና ከውጭ አገር ገዝተው ለተማሩበት ትምህርት ቤት ለመላክ ለሚያስቡ ወገኖች ነው። በእንጦጦ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ነገር ግን በወረዳ ከተማ ያለ ተማሪ እዚያ ድረስ የሚደርስበት ዕድል ጠባብ ስለሆነ፣ መሣሪያው ወደ ተማሪው መሄዱ የግድ ነው።

የዚህ ቴሌስኮፕ ዋና ብልጫ የፊት ሌንሱ ነው። ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ (ከሌንሱ አንሥቶ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት) 500 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሁለት ዓይነት መስታወት ተጣምሮ የተሠራ በመሆኑ በርካሽ ቴሌስኮፖች ላይ የጨረቃን ጠርዝ ከብቦ የሚታየውን ሐምራዊና ቢጫ ቀለም በእጅጉ ይቀንሳል። በየሱቁ በማሸጊያቸው ላይ በመቶዎች የሚቆጠር እጥፍ እንደሚያጎሉ የሚያስተዋውቁ መሣሪያዎችን የሚያይ ገዢ አንድ ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል፦ ጥሩ ቴሌስኮፕ እንኳ በጥራት ሊያጎላ የሚችለው የፊት ሌንሱ በሚሊ ሜትር ካለው ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ ድረስ ብቻ ነው። ጋሊሊዮስኮፕ 25 እጥፍ፣ ከተጨማሪ ሌንሱ ጋር ደግሞ 50 እጥፍ ያጎላል፤ ይህም ልኩን ያወቀ መጠን ነው።

አገጣጠሙ ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሸፍን ትምህርት ይሆናል። ማጣበቂያም ሆነ መፍቻ አይፈልግም። ተማሪው ሌንሱን በሁለቱ የቱቦው ግማሾች መካከል አስቀምጦ ሲገጥማቸው ብርሃን በየት ገብቶ የት እንደሚሰበሰብ በእጁ ይዞ ያያል። ምስሉ ተገልብጦ ሲመጣ «ተበላሸ» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ መምህሩ ምክንያቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጨረር ሥዕል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም። ከዕቃዎቹ መካከል ጋሊሊዮ የተጠቀመበትን ዓይነት የዓይን ሌንስ አስመስሎ ለመሥራት የሚያስችልም አለ። ያኛው ምስሉን ቀና አድርጎ ቢያሳይም የሚያሳየው የሰማይ ክፍል እጅግ ጠባብ ነው።

በሰማይ ላይ የሚሰጠው ውጤት ከዋጋው በላይ ነው። የጨረቃ ጉድጓዶች ከነጥላቸው ይታያሉ፤ የሳተርን ቀለበት በ50 እጥፍ ከፕላኔቷ ተለይቶ ይታወቃል። እኔ ግን ለክበብ የምመርጠው ጁፒተርን ነው፤ ምክንያቱም አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቿ ቦታቸውን በየምሽቱ ስለሚለዋውጡ ተማሪው የዛሬውን አሰላለፍ በደብተሩ ሥሎ ከነገው ጋር ሊያነጻጽር ይችላል። ከአራቱ ቅርቧ አዮ ጁፒተርን በ42 ሰዓት ገደማ ስለምትዞር፣ ለውጡ ብዙ ትዕግሥት አያስጠብቅም። ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ዒላማ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ባዘጋጀው የስያሜ ዘመቻ አገራችን «ቡና» ብላ የሰየመችው ኮከብ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ይገኛል። በዓይን ብቻ ለመታየት ደካማ ቢሆንም ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አይከብድም። ይህን ኮከብ የሚዞረው «አቦል» የተባለው ፕላኔት በዚህ መሣሪያ አይታይም፤ ተማሪው ግን አገሩ ስም ያወጣችለትን ኮከብ በካርታ ፈልጎ በገዛ ዓይኑ ያገኘዋል።

ትልቁ ጉድለት ማቆሚያ አብሮት አለመምጣቱ ነው። ከሥሩ የካሜራ ትራይፖድ የሚገጥምበት ብሎን ማስገቢያ አለው፤ ያለ ትራይፖድ ግን በእጅ ተይዞ ምንም የረባ ነገር አይታይበትም። ቀላል የስልክ ትራይፖድም አይበቃም፤ ትኩረቱ የሚስተካከለው የኋላ ቱቦውን ገፋ ሳብ በማድረግ ስለሆነ እጅ በነካው ቁጥር ዒላማው ይጠፋል። መሬት ስለምትዞርም በ50 እጥፍ ጁፒተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከዕይታ ትወጣለች፤ ስለዚህ ተሰልፈው ተራ ለሚጠብቁ 40 ልጆች አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ደጋግሞ ማነጣጠር ይኖርበታል። በየከተማው ሠርግ የሚቀርጹ ባለሙያዎች ከባድ ትራይፖድ ስላላቸው ለአንድ ምሽት መዋስ ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር በእኛ ኬክሮስ ላይ ጎልቶ የሚታይ ነው። ጨረቃና ፕላኔቶች በአገራችን ከአናት በላይ ተጠግተው ስለሚያልፉ፣ ዓይን የሚደረግበት ጫፍ ቀጥ ያለ ቱቦ ወደዚያ ሲቀና ተመልካቹ አንገቱን ቀልብሶ ከሥሩ መግባት አለበት። ለሕፃናት አስቸጋሪ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ተማሪ ደግሞ ፈጽሞ የማይቻል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጨረቃ በአራተኛና በአምስተኛ ቀኗ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ በምዕራብ በኩል ወደ ሰማዩ እኩሌታ ዝቅ ብላ ስትታይ ፕሮግራሙን መያዝ ይሻላል። ይህ ሰዓት ሌላም ጥቅም አለው፦ ከሩቅ የሚመጡ ተማሪዎች፣ በተለይም ወላጆቻቸው ማታ እንዲያመሹ የማይፈቅዱላቸው ሴቶች ልጆች፣ ምሽቱ ሳይገፋ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ በክረምት ደመናው አያስቆምም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። መሣሪያው የፀሐይ ማጣሪያ የለውም፤ በእርሱ ፀሐይን ማየት ለቅጽበትም ቢሆን ዓይንን ያጠፋል። የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በቴሌስኮፑ ማየትም አያድንም፤ ሌንሱ የሰበሰበው ሙቀት መነጽሩን ሊያቃጥለው ይችላልና። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ያለፈውን የቀለበት ግርዶሽ የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን ከፊል ግርዶሽ ስለሚታይ፣ ቴሌስኮፑ ያን ቀን በቁልፍ ተቆልፎበት ይዋል።

ለቤተሰብ ብቻ የሚገዛ ሰው በዚያው ገንዘብ ጥሩ ባይነኩላር ቢፈልግ እመክራለሁ። ለክበብ ግን በደስታ እመርጠዋለሁ። ለመላክ ያሰበ ወገንም ሁለት ቴሌስኮፕ ከሚልክ አንድ ቴሌስኮፕና አንድ ጠንካራ ትራይፖድ ቢልክ፣ ከእነርሱም ጋር የአገጣጠሙን ቅደም ተከተልና የፀሐዩን ማስጠንቀቂያ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ጽፎ ቢያያይዝ፣ መሣሪያው ከርዕሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ወጥቶ ሥራ ላይ የመዋል ዕድሉ እጅግ ይሰፋል።