የማስመሰያ ልብስ፦ በበዓል ቀን ወይስ በማንኛውም ቀን?

እንደ ሃሎዊን፣ የአይሁድ በዓል እንደሆነው ፑሪምና በጣሊያኗ ከተማ እንደሚከበረው የቬኒስ ካርኒቫል ያሉ፣ ሰዎች የማስመሰያ ልብስ የሚለብሱባቸው በዓላት ለአዋቂ ሰው የሚሰጡት ትልቁ ነገር፣ ሳያፍር ሌላ ሰው መስሎ አደባባይ የመውጣት ፈቃድ ነው። ባውታ የተባለው የቬኒስ ጭምብል ከአፍንጫ በታች ወደ ፊት ስለሚወጣ፣ የለበሰው ሰው ፊቱን ሳይገልጥ መብላትና መጠጣት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ብልሃት ልማድ ሲደጋገም የሚያፈራው ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ዛሬ ብዙው ሰው ተሰፍቶ የታሸገ የጠንቋይ ወይም የአጽም ልብስ ገዝቶ ስለሚወጣ፣ የፈጠራ ድርሻው በመምረጥ ብቻ ያበቃል።

በአንጻሩ ቀን ሳይጠብቅ የሚለብስ ሰው፣ ለምሳሌ የኮስፕሌይ (የፊልም ወይም የጨዋታ ገጸ ባሕርይ መስሎ የመልበስ) አፍቃሪ፣ ፎም (ስፖንጅ መሰል ነገር) ቆርጦ፣ በሙቀት አጥፎና ቀለም ቀብቶ ጥሩሩን ሲሠራ ወራት ሊፈጅበት ይችላል። እዚህ የሚያስቸግረው የሰው ዓይን ነው፤ በተራ ቀን ክንፍ አድርጎ መንገድ ላይ መታየት ድፍረት ስለሚጠይቅ ዓይን አፋሩ ከነጭራሹ አይሞክረውም።

እኔ ለበዓሉ አደላለሁ፤ ይህም ልጆች ከአሮጌ አንሶላና ከካርቶን ልብሳቸውን በገዛ እጃቸው የሚሠሩበት ጊዜ አስቀድሞ ከተሰጣቸው ነው። በዋዜማው ተጣድፎ የሚገዛው ልብስ ግን ይህን ዕድል ይነጥቃቸዋል።