አሜሪካዊውና አውሮፓዊው ጎታች፦ ከወራት በኋላ ሻሲያቸው ላይ ያየሁት

አፍንጫ ያለውን፣ ማለትም ሞተሩ ከጋቢናው ፊት የወጣውን፣ የአሜሪካ ጎታች (ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና) ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። አፍንጫ የሌለው፣ ሞተሩ ከጋቢናው ሥር የሆነው አውሮፓዊው ከዚያ በፊትም እጄ ላይ ነበር፣ አሁንም አለ። ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የማን ሻሲ ይጠነክራል? ወረቀት ላይ አሜሪካዊው ይበልጣል። መንገድ ላይ ግን ልዩነቱ እንደሚወራው አይደለም።

የአሜሪካዊው ሻሲ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቁት ሁለት ዋና ብረቶች በሙቀት የተጠናከሩ ናቸው። ቁመታቸው 270 ሚሊሜትር፣ ውፍረታቸው 8 ሚሊሜትር ገደማ። ጥንካሬው፣ ማለትም ጎብጦ ሳይቀር የሚችለው ጫና፣ በአሜሪካኖቹ መለኪያ 120,000 ፒኤስአይ ይባላል፣ በአውሮፓውያኑ መለኪያ ወደ 827 ሜጋፓስካል መሆኑ ነው። አውሮፓ ውስጥ የተለመደው 500 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። ይሄን ሰምቶ «አለቀ!» የሚል ብዙ ነው። ግን ጥንካሬና ግትርነት ለየቅል ናቸው። ቅርጹ አንድ ከሆነ፣ ያው ጭነት ሁለቱንም ብረት እኩል ያጎብጣል፤ ጠንካራው የሚለየው ጭነቱ ሲነሳለት ጎብጦ ሳይቀር ወደ ቦታው መመለሱ ላይ ነው። እንዳይጎብጥ የሚያደርገው የብረቱ ቁመትና ውፍረት ነው፣ በተለይ ቁመቱ።

ይሄን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተሳቢው ተጭኖ አንዱ የፊት ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ፣ በአሜሪካዊው ኮፋኖና በጋቢናው መሃል ያለው ክፍተት በአንድ በኩል ይሰፋል፣ በሌላው ይጠባል። መጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል። ሻሲ ግን እንዲጠማዘዝ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ግትር ቢሆን ቶሎ ይሰነጠቅ ነበር። አውሮፓዊውም ይጠማዘዛል፤ ጋቢናው በአራቱም ማዕዘን ትራስ ላይ ስለተቀመጠ አይታወቃችሁም እንጂ።

አፍንጫውን ያመጣው ምንድነው ካላችሁ፣ ሕጉ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ1996 መመሪያ ጎታቹንም ተሳቢውንም አንድ ላይ ለክቶ 16.5 ሜትር ላይ ያቆማል፤ አፍንጫ ካወጣችሁ በአብዛኛው ከጭነት ቦታችሁ ላይ ነው የምትቀንሱት። አሜሪካ ግን ከ1982ቱ ሕግ ወዲህ በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎቿ ላይ የምትለካው ተሳቢውን ነው፣ ጎታቹ እንደፈለገ ይርዘም። ከዚያ በፊት አፍንጫ የሌላቸው እዚያም ሞልተው ነበር። ክብደት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አሜሪካ በአብዛኛው 36.3 ቶን ስትፈቅድ፣ አውሮፓ 40 ቶን ትፈቅዳለች። «ደካማ» የሚባለው ነው ከባዱን የሚጎትተው!

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አሜሪካዊው እኔ ጋ ሳይደርስ አንድ ጋራዥ የዕቃ ሳጥን መያዣ ሻሲው የታችኛው ጠርዝ ላይ በይዶበታል። ከሥር ገብቼ ሳጸዳ ከብየዳው ጫፍ የምትጀምር የፀጉር ያህል ቀይ መስመር አየሁ። ዝገት ነው ብሎ የሚያልፈው ይኖራል፣ ስንጥቅ ነበር። በሙቀት የተጠናከረ ብረት ሲበየድ ዙሪያው ይለሰልሳል፣ ከዚያ ስንጥቁ መንገድ ያገኛል። «አትበይድ፣ ጠርዙን አትብሳ» የሚል ማስጠንቀቂያ እኮ ሻሲው ላይ ተለጥፏል! አሁን መያዣው የሚታሰረው በብረቱ ጎን በኩል፣ በቡሎን ነው። የአውሮፓዊውን ጠርዝም ማንም እንዲነካው አልፈቅድም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ለቀለሙ አትሸነፉ፤ ባትሪ ይዛችሁ ከሥር ግቡ፣ እያንዳንዱን ብየዳ ጫፉ ድረስ ተከተሉት።

የዕለት ተዕለቱ? አሜሪካዊው ኮፋኖው ወደ ፊት ሲከፈት ሞተሩ ዙሪያውን ቆማችሁ ትሠራላችሁ፣ መካኒኬ ይወደዋል። የአውሮፓዊውን ጋቢና ለማዘንበል ፓምፕ ማድረግ አለ፣ ውስጥ የረሳችሁት ኩባያና ወረቀት ሁሉ የፊት መስታወቱ ላይ ይከመራል። ጠባብ ግቢ ውስጥ ግን አውሮፓዊው በአንድ ዙር የሚጨርሰውን አሜሪካዊው ወደፊት ወደኋላ ሲል ያመሻል። ፍሬንም አውሮፓዊው ይሻላል፤ የእሱ ዲስክ ነው፣ የአሜሪካዊዬ ታምቡር። አምፖልና ባትሪ ከአንዱ ወደ ሌላው አዛውራለሁ እንዳትሉ፣ አንዱ 12 ቮልት ሌላው 24 ነው።

ረጅምና ቀጥ ያለ መንገድ ሲሆን የአሜሪካዊውን ቁልፍ አነሳለሁ። መኝታው ሰፊ ነው፣ ጉዞውም የረጋ። መታጠፊያና ማራገፊያ የበዛበት ሥራ ከሆነ ግን አውሮፓዊው ነው የሚወጣው።