የዶሜይን ስም ሰርቨርዎን የት ያኑሩት? ቤት፣ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ ወይስ ሁለቱን አጣምሮ

ማስታወቂያ የሚያግድ ወይም ለቤት ኮምፒውተሮችና ስልኮች ብቻ የሚሠራ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉም ሥርዓት) ከፈለጉ ፓይ-ሆል ወይም አንባውንድ ይጫኑ። ቋሚ አይፒ አያሻውም፣ ለውጭ የሚከፈት ፖርትም (የግንኙነት በር) የለውም። እዚህ የምናወዳድረው የገዙትን ዶሜይን ወክሎ ለጠየቀው ሁሉ መልስ የሚሰጠውን ሰርቨር ነው።

ሁሉንም ቤት ማኖር

ዕቃው ቀላል ነው፦ ራዝበሪ ፓይ 4 (ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ባለ 5 ቮልት 3 አምፔር ቻርጀር፣ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ እና የኔትወርክ ገመድ። በዋይፋይ አያገናኙት። ከሶፍትዌሮቹ ኤንኤስዲን ከባይንድ 9 እናስበልጣለን። ባይንድ የራሱንም ዞን (የዶሜይኑን የስሞች መዝገብ) ይመልሳል፣ ለሌሎችም ጠይቆ ያመጣል፤ በአንድ የተሳሳተ መስመር ለማንም ክፍት የሆነ ሪዞልቨር (ማንኛውንም ስም ጠይቆ የሚያመጣ ሰርቨር) ሊሆን ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. ስፓምሀውስ የተባለውን ፀረ-ስፓም ድርጅት ያጥለቀለቀው ጥቃት የተሰነዘረው እንዲህ ክፍት በቀሩ ሰርቨሮች በኩል ነበር። ኤንኤስዲ ግን ከራሱ ዞን ውጭ አይመልስም።

ችግሩ ያለው መስመሩ ላይ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ራውተሩ ላይ የተጻፈውን የዋን አይፒ (የውጭ አድራሻ)፣ አይፒ የሚያሳይ ድረ ገጽ ከሚሰጥዎት ጋር ያስተያዩ። ከተለያዩ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ይጋራሉ ማለት ነው። የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጥርጥር የለውም። እንዲህ ሲሆን ራውተሩ ላይ ፖርት 53ን ቢከፍቱም ጥያቄው እርስዎ ዘንድ አይደርስም። አድራሻው የራስዎ ሆኖ የሚቀያየር ከሆነም በየጊዜው መዝጋቢው (ዶሜይኑን የገዙበት ድርጅት) ዘንድ ያለውን ግሉ ሪከርድ (የሰርቨርዎን አይፒ የሚናገረውን መዝገብ) ማስተካከል አለብዎት፤ ለዶት ኮም የዚህ ሪከርድ ዕድሜ 172800 ሰከንድ ስለሆነ አሮጌው አድራሻ እስከ 2 ቀን ድረስ በየሪዞልቨሩ ሊቆይ ይችላል።

መብራትም አለ። ድረ ገጽዎና ኢሜይልዎ ጀርመን ያለ ሰርቨር ላይ ቢሆኑ እንኳ፣ ስማቸውን የሚያውቀው አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ያለው ፓይ ብቻ ከሆነ ሰፈሩ ሲጨልም አብረው ይጠፋሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 2182 የተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ሰርቨሮቹ በቦታም በመስመርም የተራራቁ እንዲሆኑ የሚያሳስበው ለዚህ ነው። እዚያው ቤት ሁለተኛ ፓይ መጨመር ይህን አይፈታም። ስለዚህ ይህን አማራጭ ለመማሪያ እንጂ ሰው ለሚጠቀምበት ዶሜይን አንመክረውም።

አገልግሎት ሰጪ ዘንድ

ክላውድፍሌር በነፃ ይሰጣል፤ አማዞን ሩት 53 ለአንድ ዞን በወር 0.50 ዶላር ይጠይቃል፣ የጥያቄዎቹ ብዛት ለብቻው ይከፈላል። ፍጥነታቸውን ከቤት ሆኖ መድረስ አይቻልም። አንድ ሱቅ፣ አንድ ድረ ገጽ ላለው ሰው ነፃው ይበቃዋል። ሆኖም ሁሉንም ለአንድ ኩባንያ መስጠት አደጋ አለው፦ ኦክቶበር 21፣ 2016 እ.ኤ.አ. ዳይን የተባለው የዲኤንኤስ አገልግሎት ሰጪ ሲጠቃ ትዊተርና ስፖቲፋይን የመሳሰሉት ለብዙ ተጠቃሚዎች ተቋርጠዋል። የዞን ፋይልዎን ቅጂ ሁልጊዜ እጅዎ ላይ ያኑሩ።

ዋናው ቤት፣ መልስ ሰጪዎቹ ውጭ

የራሱን መዝገብ በራሱ እጅ ማስተዳደር ለሚፈልግ ሰው ምርጫችን ይህ ነው። ፓይው ዋናውን ዞን ይይዛል እንጂ ለሕዝብ አይታይም። በወር ከ4 እስከ 6 ዶላር የሚከራይ፣ 512 ሜጋባይት ራም ያለው ቪፒኤስ (ምናባዊ ሰርቨር) ከእሱ እየቀዳ ለዓለም ይመልሳል። ለሁለተኛው መልስ ሰጪ ሃሪኬን ኤሌክትሪክ የተባለው ድርጅት እስከ 50 ዞን በነፃ ይይዛል፤ እሱ ከቪፒኤሱ እንዲቀዳ ያድርጉ። ከኢትዮጵያ ሆኖ ለሚከራይ ሰው ከዋጋው ይልቅ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ይከብዳል፤ ይህን አስቀድመው ይጨርሱ።

ከቤት ወደ ቪፒኤሱ ዋየርጋርድ (የተመሰጠረ የቪፒኤን መስመር) ይዘርጉ፣ ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭን (መስመሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው የሚላከውን ምልክት) 25 ሰከንድ ያድርጉት። ግንኙነቱን የሚጀምረው ቤት ያለው ስለሆነ የጋራ አድራሻም ተቀያያሪ አይፒም አያግደውም፤ ራውተሩ ላይ ምንም ፖርት አይከፈትም። የዞን ዝውውሩን (ዞኑ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲቀዳ) በቲሲግ ቁልፍ (ላኪውን በሚያረጋግጥ የጋራ ቁልፍ) ይጠብቁ፣ ስልቱ ኤችማክ-ሻ256 ይሁን። ቪፒኤሱ ላይ ፖርት 53 በሁለቱም የመላኪያ ስልቶች፣ በዩዲፒም በቲሲፒም፣ ይከፈት፤ ቲሲፒን የዘጋ ሰው ትልልቅ መልሶች ይቋረጡበታል፣ ሁለተኛው ሰርቨርም ዞኑን መቅዳት አይችልም። ኡቡንቱ ከሆነ ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ የተባለው የራሱ አገልግሎት ፖርት 53ን 127.0.0.53 ላይ ቀድሞ ስለሚይዝ ኤንኤስዲን ከቪፒኤሱ የሕዝብ አይፒና ከዋየርጋርዱ አድራሻ ጋር ብቻ ያስሩት። በኤንኤስ ሪከርዶቹ (የዶሜይኑን ሰርቨሮች በሚዘረዝሩት) እና በመዝጋቢው ዘንድ የቤቱ ፓይ ስም አይግባ።

በኤስኦኤው (የዞኑ መነሻ ሪከርድ) ውስጥ ሪፍሬሽን (ለውጥ መኖሩን የሚጠይቁበት ጊዜ) 3600፣ ሪትራይን (ካልተሳካ ደግመው የሚሞክሩበት) 900፣ ኤክስፓየርን (ቅጂው የሚያበቃበት) 1209600 ሰከንድ ያድርጉ። የመጨረሻው 14 ቀን ማለት ነው፤ ቤትዎ ይህን ያህል ጊዜ ቢጠፋም ውጭ ያሉት ይመልሳሉ፣ ካለፈ ግን መልስ መስጠት ያቆማሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። ዞኑን ቀይሮ በኤስኦኤው ውስጥ ያለውን ሲሪያል (የስሪት) ቁጥር ካላሳደገ ውጭ ያሉት ሰርቨሮች ለውጡን አያዩትም። በሙሉ ስም መጨረሻ ላይ ነጥብ ከረሳ ደግሞ የዶሜይኑ ስም ሁለት ጊዜ ይደጋገማል።

ሦስተኛው ስውር ነው። ፓይ 4 በባትሪ የሚቆጥር ሰዓት የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደኋላ ቀርቶ ሊነሳ ይችላል፤ ቲሲግ በተለምዶ ከ300 ሰከንድ በላይ ልዩነት ስለማይቀበል ዝውውሩ ባድታይም በሚል ስህተት ይቆማል። ኢንተርኔቱ ከመብራቱ ዘግይቶ ሲመጣ ይብሳል። ዲኤስ3231 የተባለችውን የሰዓት ቺፕ ከነባትሪዋ ይግጠሙ፤ ፓይውን ከራውተሩ ጋር በትንሽ ዩፒኤስ ላይ ያድርጉት፣ ሚሞሪ ካርዱም በድንገተኛ መቋረጥ ከመበላሸት ይድናል።