ልጆችን በሳይክል ተሳቢ መጎተት፦ በፊክስድ ወይስ በባለ ማርሽ?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም በሉት አሌክሳንድሪያ፣ ሳይክል የሚነዳ ወላጅ ብዙ ነው። ልጁ ዓመት ሲሞላው «እንዴት አድርጌ ይዤው ልሂድ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ከዓመት በፊት ግን አይሞከርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሳይክል ላይ እንዳይወጣ ይመክራል።

ይሄ ጽሑፍ በተለይ ፊክስድ ሳይክል ላላችሁ ነው። ማርሽ የለውም፣ የኋላ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል፣ እግር አሳርፎ መንሸራተት የሚባል ነገር የለም። ቀላል ነው፣ ጣጣ የለውም፣ የለመደው ሰው አይለቀውም። እኔም እወደዋለሁ። ከኋላው ልጆች የጫነ ተሳቢ ሲታሰርበት ግን ነገሩ ይለወጣል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። መንገዳችሁ ሜዳ ከሆነ፣ የፊት ፍሬን ካለውና ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ ካቀለላችሁለት፣ ፊክስዱ ይበቃችኋል። ዳገት ካለበት ባለ ማርሽ ግዙ።

ክብደቱን እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 9 ኪሎ ሳይክል ላይ ሲወጣ በድምሩ 79 ኪሎ ነው። ሁለት ልጅ የሚይዝ ተሳቢ ባዶውን 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ልጆቹ 30 ኪሎ፣ ዳይፐርና ውሃው 3 ኪሎ ይሁኑ። 125 ኪሎ ደረሰ። ዳገት ላይ የምትገፉት፣ ቁልቁለት ላይ የምታቆሙት ክብደት በ60 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው።

ብዙ ፊክስዶች ሲሸጡ የፊቱ 46 ወይም 48፣ የኋላው 16 ወይም 17 ጥርስ ነው። 48 በ17 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር 5.9 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ዳገት ስትወጡ እግራችሁ በደቂቃ 28 ጊዜ ብቻ ይዞራል። እንግዲህ 13ኛ መንገድን ከፍሎሪዳ አቬኑ ወደ ላይ፣ በካርዶዞ ትምህርት ቤት በኩል የወጣ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ከኮርቻ ተነስቶ በሙሉ ክብደት መርገጥ የግድ ይሆናል፣ ሳይክሉ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ተሳቢውም በየእርግጫው ይንገጫገጫል። ጉልበትም ይጎዳል። ባለ ማርሹ ላይ ፊት 34፣ ኋላ 34 ላይ አድርጋችሁ በዚያው ፍጥነት ስትወጡ እግር በደቂቃ 80 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ቁጭ ብላችሁ፣ ከልጁ ጋር እያወራችሁ ትወጣላችሁ።

ሜዳ ላይ ግን ፊክስዱ አያሳፍርም። ካፒታል ክሬሰንት የሚባለው ከጆርጅታውን ወደ ቤተስዳ የሚሄደው መንገድ የድሮ ባቡር ሐዲድ የነበረበት ስለሆነ አቀበቱ ለስላሳ ነው። በቨርጂኒያ በኩል 72 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የደብሊው ኤንድ ኦዲ መንገድም እንደዚያው የባቡር መስመር ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ 42 በ18 አድርጉት። በርሊ የተባለው የተሳቢ አምራች ቀጥ ባለ መንገድ ከሰዓት 24 ኪሎ ሜትር፣ ስትታጠፉ ደግሞ ከ8 እንዳታልፉ ያስጠነቅቃል። 42 በ18 ላይ 24 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 82 ዙር ነው። ከዚያ በላይ ስትሄዱ እግራችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ለስላሳ ቁልቁለት ላይም ፔዳሉን በእግር እየያዛችሁ ፍጥነቱን ማብረድ ትችላላችሁ። ይሄ የፊክስድ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ ባለ ማርሹ የለውም።

ይሁን እንጂ ማብረድና ማቆም ለየቅል ናቸው። በእግር ብቻ ማቆም የለመዳችሁ ልብ በሉ። ተሳቢው የሚያያዘው ከኋላው ጎማ ፔርኖ፣ ማለትም ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ፣ ጋር ነው። የኋላውን ጎማ ቆልፋችሁ ስታንሸራትቱ ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፣ ትንሽ ተጣማችሁ ከሆነ ደግሞ ሳይክሉን ወደ ጎን ያጥፈዋል። የዋሽንግተን ደንብ በፔዳል በበቂ ኃይል ማቆም እስከተቻለ ድረስ ፊክስድ ሌላ ፍሬን እንዲኖረው አያስገድድም። ደንቡ ፈቀደ ብላችሁ ልጅ አትጎትቱ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ምርጫውም የላችሁም፤ እዚያ ማንኛውም ሳይክል ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ፍሬኖች ሊኖሩት ይገባል። በተሳቢ የሚጫኑት ልጆችም 7 ዓመት ያልሞላቸው፣ ቢበዛ ሁለት፣ ነጂውም ቢያንስ 16 ዓመት የሞላው መሆን አለበት።

ሻጭ የማይነግራችሁ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፊክስድ ነጂ መብራት ላይ ሲቆም ፔዳሉ ታች ከቀረበት የፊት ፍሬኑን ይዞ የኋላውን ጎማ ከፍ ያደርግና ፔዳሉን ለመነሻ በሚመች ቦታ ያዞረዋል። ተሳቢ ከታሰረ በኋላ ይሄ አይሆንም። ከጎማው ጋር የተሳቢውን ዘንግም ማንሳት ይመጣል፣ ልጆቹም ወደ ኋላ ያዘነብላሉ። ስለዚህ ከመቆማችሁ በፊት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሜትሮች ላይ፣ ፔዳሉን አስልታችሁ መቆም አለባችሁ። ሜዳ ላይ ይለመዳል። አቀበት ላይ ባለ መብራት፣ ከኋላ መኪና ቆሞ፣ በጣም አስቸጋሪ ነው። ባለ ማርሹ ላይ ፔዳሉን በእግር ወደ ኋላ ማዞር ብቻ ነው።

አያያዙም ልዩነት አለው። የተሳቢው መያዣ ብረት በግራ በኩል፣ ከቴላዮው (ከሳይክሉ አካል ብረት) ውጭ፣ ፔርኖውን ከሚያጠብቀው ዳዶ ሥር ይገባል። ፊክስድ ላይ ያ ዳዶ ጎማውን ብቻ ሳይሆን የካቴናውን ውጥረትም ነው የሚይዘው። መያዣው ወፍራም ስለሆነ ፔርኖው ካጠረ ዳዶው የፔርኖውን ጥቂት ጥርስ ብቻ ይዞ ይቀራል። ጎማው ከተንሸራተተ ካቴናው ይላላል፣ ፊክስድ ላይ ካቴና ወለቀ ማለት ደግሞ ጎማ ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ ዳዶው ሙሉ በሙሉ ገብቶ ፔርኖው በውጭ በኩል መታየቱን እዩ፣ በቀኝ በኩልም የካቴና መወጠሪያ አስገቡ። አዳዲስ ባለ ማርሾችም የራሳቸው ችግር አላቸው። ብዙዎቹ ዳዶ የላቸውም፣ ወፍራም ፔርኖ ነው የሚያልፍባቸው፣ ስለዚህ በርዝመቱና በጥርሱ ልክ የተሠራ ልዩ ፔርኖ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል።

መካከለኛ መንገድም አለ። ብዙ ፊክስዶች የኋላ ጎማቸው በሁለቱም በኩል ጥርስ ይይዛል፤ በአንዱ ፊክስድ፣ በሌላው ፍሪዊል። ጎማውን ገልብጣችሁ ስታስሩት እግር ማሳረፍ ይቻላል፣ የመብራቱ ጣጣም ይቀራል። ወጪው ትንሽ ነው። ያን ጊዜ ግን እግር አያቆምም፣ የፊትና የኋላ ፍሬን የግድ ነው። ዳገቱንም አያቀልም።

«ተሳቢ ከምገዛ የልጅ ወንበር ከኋላ ባስርስ?» ለምትሉ፦ ወንበር ርካሽ ነው፣ ልጁም ቅርባችሁ ነው፣ ጠባብ መንገድም አያስቸግርም። ብዙዎቹ የሚይዙት እስከ 22 ኪሎ ነው። ፊክስድ ላይ ግን አልመክረውም። ክብደቱ ከላይ ስለሚሆን ሳይክሉ ቆሞ እያለ እንኳ ይዘነበላል። ልጁ ከኋላ ስላለ እግር አዙሮ መውጣት አይቻልም፣ ስትወርዱም ሳይክሉ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ፔዳሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ተሳቢው ላይ ሳይክሉ ቢወድቅ እንኳ መያዣው ስለሚተጣጠፍ ልጆቹ ብዙውን ጊዜ ቁጭ እንዳሉ ይቀራሉ። ሄልሜት ግን በሁለቱም ላይ አይቀርም።

ከተሳቢዎቹ የትኛው? በኦሪገን ያለው በርሊ የሚሠራው «ቢ» የሚባለው ተሳቢ ቀላል ነው፣ እስከ 45 ኪሎ ይጭናል፣ ስፕሪንግ የለውም፣ የሚጎተተው በሳይክል ብቻ ነው። ለሜዳና ለአስፋልት በቂ ነው። የቱሌ ቻሪዮት ስፕሪንግ አለው፣ ከሳይክል ፈትታችሁ እንደ ጋሪ ትገፉታላችሁ፣ ዋጋውም ያንኑ ያህል ይርቃል። ልጁን መዋያ አድርሳችሁ በሜትሮ ሥራ የምትገቡ ከሆነ የጋሪነቱ ነገር ገንዘቡን ያወጣል። በሳምንት አንድ ቀን ለፓርክ ከሆነ «ቢ»ን ግዙ፣ የተረፈውን ብር ለፍሬንና ለጥርስ አውጡት። ከመግዛታችሁ በፊት የቤታችሁን በር ለኩ። የሁለት ልጅ ተሳቢ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የአንዳንድ አፓርታማ በር አያስገባውም።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ጨርቁ ቢደበዝዝ ችግር የለውም። የሚተጣጠፈውን መያዣ በእጃችሁ አጥፋችሁ ስንጥቅ እንደሌለው እዩ፣ ቀበቶዎቹን ቆልፋችሁ በኃይል ሳቡ፣ ከመያዣው ሌላ የምታስሩት የጥንቃቄ ማሰሪያም አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ሞዴሉንም በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። በጉድለት ከገበያ የተሰበሰበ ከሆነ እዚያ ይወጣል።